ስፖርተኛ በገዛ ሥራው ላይ አዛዥ የሆነው እንዴት ነው?

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



አንድ ሠራተኛ በአንድ መሥሪያ ቤት ለሁለት ዓመት ሊያገለግል ውል ገባ እንበል። ሁለቱን ዓመት ሰዓቱን አክብሮ ሠራ፤ በመጨረሻም ሒሳቡን አወራርዶ፤ የተረከበውን ንብረት አስረክቦ ውሉን ፈጸመ። ሌላ መሥሪያ ቤት ደግሞ ስለ ችሎታው ሰምቶ በተሻለ ደመወዝ ሊቀጥረው ፈለገ። ነገር ግን የቀድሞው አለቃው፦ «ውልህ ማለቁ እውነት ነው፤ ሆኖም የመልቀቂያ ወረቀት አልሰጥህም። ያለ እኔ ፈቃድ የትም አትቀጠርም። እኔ ዘንድም እኔ በቈረጥሁልህ ደመወዝ ካልፈረምህ አንዲት ሳንቲም አልከፍልህም» ቢለው ይህ ሰው ምን ይሆናል? ቢቀመጥ ደመወዝ የለው፤ ቢሄድ የሚቀበለው የለ፤ በሁለት በኩል በር የተዘጋበት ሰው ሆኖ ይቀራል።

ይህ ለሰሚው የፈጠራ ታሪክ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ተጫዋች፤ በአሜሪካ የቤዝቦል ተጫዋች፤ በኤውሮፓ ምድርም ብዙ ስፖርተኛ ለረጅም ዘመን ይተዳደር የነበረው በዚህ ደንብ ነው። በእሑድ ቀን ሕዝብ ስሙን እየጠራ ያጨበጭብለት የነበረው ሰው ሰኞ ዕለት በቢሮ ከተቀመጠ ጸሓፊ ያነሰ መብት ነበረው። ዛሬ ግን ዝነኛው ተጫዋች የሚጫወትበትን ከተማ ይመርጣል፤ የውሉን ዘመን ያሳጥራል፤ ሲፈልግም ባለሀብቱን ክለብ ደጅ ያስጠናል። ይህ ለውጥ በባለሀብቶች ቸርነት የመጣ ሳይሆን ጥቂት ሰዎች ኑሮአቸውን ለአደጋ አጋልጠው በፍርድ ቤት ስለ ቆሙ የተገኘ ነው። የዛሬው ንግግራችንም ስለ እነዚሁ ሰዎች ይሆናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። በእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ተጫዋች ስለ ጨዋታው ደመወዝ እንዲቀበል የተፈቀደው በ1885 ነው። በ1888 የክለቦች ሊግ ተቋቋመ። በ1893 ደግሞ ሊጉ አንድ ደንብ አወጣ፤ ይኸውም አንድ ተጫዋች በአንድ ክለብ መዝገብ ስሙ ከገባ በኋላ ያ ክለብ ካልፈቀደለት በቀር፤ የዓመቱ ውል ቢያልቅ እንኳ፤ ለሌላ የሊጉ ክለብ መጫወት አይችልም የሚል ነው። በ1901 ከዚህ ላይ የደመወዝ ጣራ ተጨመረ፤ ተጫዋቹ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን በሳምንት ከ4 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ተወሰነ።

የክለቦቹ ባለቤቶች ለዚህ ደንብ ያቀረቡት ምክንያት ግን በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። ተጫዋች እንደ ፈቀደ የሚዘዋወር ከሆነ ባለጠጋው ክለብ ጎበዞቹን ሁሉ ይሰበስባል፤ ድኻው ክለብ ባዶ ሜዳ ይዞ ይቀራል፤ አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀበትን ጨዋታ ደግሞ ማንም ገንዘብ ከፍሎ አያይም ይሉ ነበር። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ ያልሞተ ስለ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ለጊዜው ግን አንድ ነገር ብቻ ልብ እንበል፦ ጨዋታው እኩል ይሆን ዘንድ የሚከፈለውን ዋጋ በሙሉ የሚከፍለው ተጫዋቹ ነበር፤ ክለቡ ግን ተጫዋቹን ሸጦ ገንዘቡን ከመቀበል የከለከለው አልነበረም።

ይህ ደንብ ከስድሳ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ። በ1961 መጀመሪያ ላይ የተጫዋቾቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ጂሚ ሂል አባሎቹን አስተባብሮ ሥራ የማቆም አድማ እንደሚደረግ ባስታወቀ ጊዜ ሊጉ ደንግጦ የደመወዙን ጣራ አነሣ። ጣራው በዚያን ጊዜ በሳምንት 20 ፓውንድ ደርሶ ነበር፤ ወዲያውም የፉልሃም ክለብ ጆኒ ሄይንስ ለተባለው ተጫዋቹ በሳምንት 100 ፓውንድ ቈረጠለት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ነገር ግን የደመወዙ ጣራ ቢነሣም የመልቀቂያው በር ገና አልተከፈተም ነበር።

ያንን በር የደበደበው የኒውካስል ዩናይትድ ተጫዋች ጆርጅ ኢስተም ነው። ኢስተም በ1960 ውሉ ባለቀ ጊዜ ከክለቡ ጋር ባለመስማማቱ አዲስ ውል አልፈርምም፤ ልቀቁኝ አለ። ክለቡም አንለቅህም አለው። ወጣቱ ተጫዋች ኳሱን ትቶ ወደ ደቡብ እንግሊዝ ወረደና በአንድ ወዳጅ ድርጅት ውስጥ ቡሽ በመሸጥ ይተዳደር ጀመር። አገሩን ወክሎ ለመሰለፍ የሚበቃ እግር ያለው ሰው በጨዋታው ወራት ቡሽ ሲሸጥ መዋሉ የደንቡን ከንቱነት ከማናቸውም ንግግር ይበልጥ አስረዳ። ከጥቂት ወራት በኋላ ኒውካስል ተሸንፎ በ47 ሺህ 500 ፓውንድ ለአርሰናል ሸጠው።

ኢስተም የፈለገውን ስላገኘ ነገሩን በዚያው ሊተወው ይችል ነበር። ማኅበሩ ግን ክስህን አታንሣ፤ ይህ ጉዳይ የአንተ ብቻ አይደለም ብሎ የሙግቱን ወጪ ቻለለት። ጉዳዩን በ1963 በከፍተኛው ፍርድ ቤት የተመለከቱት ዳኛ ሪቻርድ ዊልበርፎርስ፤ የባሪያ ንግድ በእንግሊዝ ግዛት እንዲቀር በታገለው በዊልያም ዊልበርፎርስ ዘር የተወለዱ ሰው መሆናቸው የሚያስገርም መገጣጠም ነው። ዳኛው ነገሩን በሕግ መነጽር መርምረው፤ ውሉ ያለቀ ተጫዋችን ይዞ ማስቀረት የሰውን የሥራ ነጻነት ያለ አግባብ የሚገድብ ስለ ሆነ በሕግ ፊት አይጸናም ብለው ፈረዱ። ከዚህ በኋላ ደንቡ ተሻሻለ፤ ተጫዋቹን ማስቀረት የፈለገ ክለብ ከቀድሞው ያላነሰ ደመወዝ እንዲያቀርብ ግዴታ ሆነበት፤ ክርክር ሲነሣም የሚዳኝ ጉባኤ ቆመ። ቢሆንም ውሉ ላለቀ ሰው የዝውውር ዋጋ መጠየቅ ገና አልቀረም ነበር።

አሁን ደግሞ ባሕሩን ተሻግረን ወደ አሜሪካ እንሂድ። በዚያ አገር የቤዝቦል ጨዋታ ባለቤቶች ከ1879 ጀምሮ ተጫዋችን ይዞ የሚያስቀር አንቀጽ ነበራቸው። አንቀጹ፦ ተጫዋቹ አዲስ ውል ባይፈርም ክለቡ ያለፈውን ውል በገዛ ሥልጣኑ ለአንድ ዓመት ሊያድስ ይችላል ይላል። ባለቤቶቹ ይህን ሲተረጕሙት የታደሰው ውል ራሱ እንደገና ይታደሳል፤ ያም እንደገና ይታደሳል እያሉ ለአንድ ዓመት የተባለውን የዕድሜ ልክ ማሰሪያ አደረጉት። ተጫዋቹን ለሌላ ከተማ ክለብ መሸጥና መለወጥም የእነርሱ ሥልጣን ነበር። በ1922 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፤ የንግድ ውድድርን የሚያፍን ስምምነት እንዳይደረግ የሚከለክለው ሕግ ቤዝቦልን አይመለከትም ብሎ ስለ ፈረደ፤ ባለቤቶቹ ከሕግ በላይ የተቀመጡ ያህል ሆኑ።

በ1969 ከርት ፍለድ የሚባል ተጫዋች ወደ ፊላዴልፊያ የተለወጠ መሆኑ ተነገረው። ፍለድ ለሴይንት ሉዊስ ቡድን 12 ዓመት የተጫወተ፤ በሜዳ ጥበቃ ችሎታው ሰባት ጊዜ የተሸለመ የ31 ዓመት ሰው ነበር። ቤቱና ወዳጆቹ በሴይንት ሉዊስ ነበሩ። ማንም አልጠየቀውም፤ ማንም አላማከረውም። አዲሱ ክለብ ደመወዙን ከ90 ሺህ ወደ 100 ሺህ ዶላር ከፍ እንደሚያደርግለት ገለጸለት። እርሱ ግን በታኅሣሥ 24 ቀን ለጨዋታው የበላይ ኀላፊ ለቦዊ ኩን በጻፈው ደብዳቤ፤ ከፈቃዱ ውጪ የሚሸጥና የሚገዛ ዕቃ አለመሆኑን፤ ውል ከመፈረሙ በፊትም የሌሎችን ክለቦች ሐሳብ ለመስማት መብት ያለው መሆኑን አስታወቀ። ኀላፊው ጥያቄውን አልተቀበሉትም። ፍለድም በጥር ወር 1970 ክስ መሠረተ።

የተጫዋቾቹ ማኅበር መሪ ማርቪን ሚለር ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር የመጣ የኢኮኖሚ ዐዋቂ ነበር። ለፍለድም ነገሩን ሳይሸሽግ ነገረው፦ ሙግቱን ማሸነፍህ የጠበበ ነው፤ ብታሸንፍም የምትጠቀመው አንተ አይደለህም፤ ወደ ሜዳም ላትመለስ ትችላለህ አለው። ፍለድ ይህን ሰምቶ ለወደፊቶቹ ተጫዋቾች ይጠቅም እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ይጠቅማል በተባለ ጊዜ ወደ ክሱ ገባ። ዓመቱን ሳይጫወት፤ ደመወዙንም ሳይቀበል ዋለ። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ፤ ብዙ ገንዘብ የሚከፈለው ባሪያ ያው ባሪያ ነው ብሎ በተናገረ ጊዜ በአገሩ ታሪክ ውስጥ ቃሉ ምን ያህል እንደሚከብድ ዐውቆ ነው። በፍርድ ቤቱ ውስጥ ጃኪ ሮቢንሰንን የመሰሉ ጡረታ የወጡ ዝነኞች ቀርበው መሰከሩለት። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ ከነበሩት ተጫዋቾች ግን ሊመሰክርለት ቀርቶ ችሎቱ ላይ ተገኝቶ አጠገቡ የተቀመጠ አንድ ስንኳ አልነበረም። እንጀራቸውን ፈርተው ነበርና ልንፈርድባቸው አይገባም፤ ነገር ግን ልናስታውሰው ይገባል።

በሰኔ ወር 1972 ጠቅላዩ ፍርድ ቤት በ5 ድምፅ ለ3 ፈረደበት። ዳኞቹ የቤዝቦል ልዩ መብት ከሌላው ሕግ ጋር የማይጣጣም መሆኑን አምነው፤ ይህን ማስተካከል የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ፋንታ ነው ብለው አለፉት። ፍለድ በ1971 ለዋሽንግተን ቡድን 13 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ሜዳውን ለቆ ነበር፤ በ1997 በ59 ዓመቱ ዐረፈ። በዓመቱ በ1998 ቤዝቦልን በተጫዋቾች ጉዳይ ከሕጉ ሥር የሚያስገባ ዐዋጅ በስሙ ወጣ።

አድማጮች ሆይ፤ ፍለድ ተሸነፈ ብለን ብንተወው ግን የታሪኩን ዋና ፍሬ እንስታለን። ሙግቱ የሕዝብን ዐይን ከፈተ፤ ባለቤቶቹንም አሳፈረ። ሚለር በ1970 በተደረገው የኅብረት ስምምነት ውስጥ፤ ተጫዋችና ክለብ ሲከራከሩ ጉዳዩን ገለልተኛ የግልግል ዳኛ ይይልን የሚል አንቀጽ አስገብቶ ነበር። ብዙ ሰው ልብ ያላለው ይህ አነስተኛ አንቀጽ ጠቅላዩ ፍርድ ቤት ያልከፈተውን በር ከፈተው። በ1973 ደግሞ አሥር ዓመት ያገለገለና የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋች ያለ ፈቃዱ እንዳይለወጥ ስምምነት ተደረገ። ፍለድ የጠየቀው ይህንኑ ነበር፤ ለእርሱ ግን አልደረሰለትም።

በ1975 የሎስ አንጀለሱ አንዲ መሰርስሚዝ፤ ያለ ፈቃዴ ወደ ሌላ እንዳልለወጥ በውሌ ላይ ይጻፍልኝ ቢል ክለቡ እምቢ ስላለው፤ ሳይፈርም ዓመቱን ሙሉ ተጫወተ። ጨዋታውን በዚያው ዓመት ያቆመው ዴቭ ማክናሊም ሳይፈርም ስለ ቆየ ከእርሱ ጋር በአቤቱታው ገባ። የግልግል ዳኛው ፒተር ሳይትዝ በታኅሣሥ 23 ቀን ውሳኔውን ሰጠ። የተመራመረው በሰው ልጅ ነጻነት ላይ አልነበረም፤ የተጻፈውን ቃል ብቻ አነበበ። አንድ ዓመት የተባለው አንድ ዓመት ነው፤ ዓመቱ ካለቀ ሰውዬው ነጻ ነው አለ። ባለቤቶቹ ዳኛውን ወዲያውኑ አሰናበቱት፤ ይግባኝም አሉ፤ ፍርድ ቤቶቹ ግን ውሳኔውን አጸኑት። በ1976 ሁለቱ ወገኖች ተደራድረው ስድስት ዓመት ያገለገለ ተጫዋች የመረጠው ዘንድ እንዲሄድ ተስማሙ። የተጫዋቾች አማካይ ደመወዝ በ1975 ወደ 45 ሺህ ዶላር ያህል የነበረው በ1980 ከ140 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ።

በየመሥሪያ ቤቱ ደንብና መመሪያ ስታነቡ የምትውሉ አድማጮቻችን ከዚህ የምትገነዘቡት ነገር ይኖራል። አንድ መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበው ማሰሪያ የተፈታው፤ የተጻፈውን ቃል እንደ ተጻፈ የሚያነብ ሰው በመገኘቱ ነው።

ወደ ኤውሮፓ ስንመለስ የምናገኘው ሰው ዝነኛ አይደለም። ዣን ማርክ ቦስማን የቤልጅግ ተወላጅ፤ የሊዬዥ ክለብ ተጫዋች ነበር። በሰኔ 1990 ውሉ ሲያልቅ በወር 120 ሺህ የቤልጅግ ፍራንክ ያህል ይደርሰው የነበረው ሰው በ30 ሺህ ፍራንክ እንዲፈርም ተጠየቀ። እምቢ አለ። የፈረንሳዩ ደንከርክ ክለብ ሊወስደው ተስማማ፤ ነገር ግን ሊዬዥ ደንከርክ ገንዘቡን መክፈል መቻሉን ስለ ተጠራጠረ የመልቀቂያው ምስክር ወረቀት ወደ ፈረንሳይ እንዲላክ አልጠየቀም። ሳይጠየቅ የቀረ አንድ ወረቀት የአንድን ሰው እንጀራ ዘጋ። ክለቡም ከጨዋታ አገደው።

ቦስማን ከሰሰ፤ ጉዳዩም ከዳኛ ወደ ዳኛ እየተላለፈ አምስት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ በታኅሣሥ 15 ቀን 1995 በሉክሰምቡርግ የተቀመጠው የኤውሮፓ ፍርድ ቤት፤ የሮማ ስምምነት በ48ኛው አንቀጹ ለሠራተኛ የሰጠውን ከአገር ወደ አገር ተዘዋውሮ የመሥራት መብት ለእግር ኳስ ተጫዋችም የሰጠ መሆኑን ገለጸ። ስለዚህ ውሉ ላለቀና ከአንዱ የኅብረቱ አገር ወደ ሌላው ለሚሄድ የኅብረቱ ዜጋ የዝውውር ዋጋ መጠየቅ ተከለከለ፤ የሌሎች የኅብረቱ አገሮች ተጫዋቾች ቍጥር እንዲወሰን የሚያደርገውም ደንብ ፈረሰ። የፍርዱን ፍሬ ሌሎች ሲለቅሙ ቦስማን ራሱ ጉልበቱን በሙግት ጨርሶ፤ በኋላም በኑሮው ተቸግሮ ኖረ። የኢስተምን ዕድል እንኳ አላገኘም።

አሁን ወደ ዝነኞቹ እንምጣ። ፍርዱ ለሁሉ እኩል ቢሰጥም ኀይሉ ይበልጥ የገባው በዝነኞቹ እጅ ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ሒሳብ ነው። ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት የቀረው ታላቅ ተጫዋች በክለቡ ፊት ሦስት መንገድ ያስቀምጣል፦ ወይ ደመወዝ ጨምረህ አስፈርመኝ፤ ወይ አሁኑኑ ሽጠኝ፤ አለዚያ የሚመጣውን ዓመት ጠብቄ ያለ ዋጋ እሄዳለሁ። የሚገዛው ክለብም ለሻጩ ሊከፍለው የነበረውን ገንዘብ ለተጫዋቹ ለራሱ በፊርማ ጉርሻና በደመወዝ ይሰጠዋል። ስቲቭ ማክማናማን በ1999 ከሊቨርፑል ወደ ሪያል ማድሪድ፤ ሶል ካምቤል በ2001 ከቶተንሃም ወደ ተቀናቃኙ አርሰናል የሄዱት በዚህ መንገድ ነው። ኪልያን ምባፔም ለማምጣት እስከ 180 ሚሊዮን ኤውሮ እንደ ተመደበለት የተነገረለት ሰው ሆኖ ሳለ፤ በ2024 ውሉን ጨርሶ የፓሪሱን ክለብ ያለ አንዳች የዝውውር ክፍያ ለቆ ማድሪድ ገባ።

በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በዚያ ኦስካር ሮበርትሰን የተባለው ታላቅ ተጫዋች በማኅበሩ ስም በ1970 የመሠረተው ክስ በ1976 በስምምነት አልቆ ለተጫዋቹ መንገድ ጠረገ። ለአንድ ሰው የሚከፈለው ከፍተኛ ደመወዝ በስምምነት የተወሰነ ስለ ሆነ፤ ታላቁ ተጫዋች የትም ቢሄድ የሚያገኘው እምብዛም አይለያይም። ስለዚህ የሚመርጠው ከተማን፤ ባልንጀሮችንና የድል ተስፋን ሆነ። ሌብሮን ጄምስ በሐምሌ 2010 ወደ ማያሚ መሄዱን በቴሌቪዥን ባስታወቀ ጊዜ የክሊቭላንድ ደጋፊዎች ማልያውን አቃጠሉ። በ2014 ወደ ክሊቭላንድ ሲመለስ ግን አጫጭር ውል መፈረምን መረጠ፤ የመሄድ መብቱን በእጁ ስላቆየም ክለቡ ደስ ሊያሰኘው ይጣጣር ነበር። በ2016 ለከተማዋ ዋንጫ አምጥቶ በ2018 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ረጅም ውል ዋስትና ነው፤ አጭር ውል ግን ሥልጣን ነው። በዋስትናው ፈንታ ሥልጣኑን ለመምረጥ የሚደፍር ደግሞ በችሎታው የሚተማመን ብቻ ነው።

ታዲያ የጥንቶቹ ባለቤቶች ሥጋት ሁሉ ከንቱ ነበርን? አልነበረም። የሆላንዱ አያክስ በ1995 ባሳደጋቸው ወጣቶች የኤውሮፓን ዋንጫ ወሰደ፤ ቦስማን በተፈረደለት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቡድኑ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ከእንግሊዝ፤ ከእስፓኝ፤ ከጣሊያን፤ ከጀርመንና ከፈረንሳይ ክለቦች በቀር ያንን ዋንጫ የወሰደው በ2004 የፖርቱጋሉ ፖርቶ ብቻ ነው። የትናንሹ አገር ክለብ ዘርቶ የታላቁ አገር ክለብ ያጭዳል። ለተራው ተጫዋችም ነጻነት ሁልጊዜ ማር አይደለም፤ ውሉ ባለቀ ጊዜ የሚፈልገው ክለብ ከጠፋ ነጻነቱ ሥራ ፈትነት ይሆንበታል።

ቢሆንም ለዚህ ችግር መድኃኒቱ ሰውን ማሰር አይደለም። ገቢን ለክለቦች በሚዛን ማካፈል፤ ወጣት ላሳደገ ክለብ ካሣ መክፈል፤ የውል ዘመን እንዲከበር ማድረግ ይቻላል። በ2001 በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበርና በኤውሮፓ ኮሚሲዮን መካከል የተደረገው ስምምነት ይህንኑ ለማስታረቅ የታሰበ ነበር። ክርክሩ ግን አልተዘጋም፤ በጥቅምት 2024 ያው የሉክሰምቡርግ ፍርድ ቤት በላሳና ዲያራ ጉዳይ፤ ውሉን ያለ በቂ ምክንያት አቋርጧል የተባለ ተጫዋችንና እርሱን የሚቀጥረውን አዲስ ክለብ አብሮ ባለዕዳ የሚያደርገው ደንብ ከኤውሮፓ ሕግ ጋር የሚቃረን መሆኑን ፈርዷል።

እንግዲህ አድማጮቻችን፤ ከነገ ወዲያ በጋዜጣ ላይ እገሌ የተባለ ዝነኛ ክለቡን ያለ ዋጋ ለቆ ሄደ የሚል ወሬ ስታነቡ፤ ውለታ ቢስነቱን ከመንቀፋችሁ በፊት ቡሽ ሲሸጥ የዋለውን ኢስተምን፤ በባዶ ችሎት የቆመውን ፍለድን፤ አንድ ወረቀት የተከለከለውን ቦስማንን አስቡ። የገባውን ቃል እስከ መጨረሻው ቀን የፈጸመ ሰው ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የራሱ ነው። ውል ሁለቱንም ወገን ካላሰረ፤ ጊዜው ሲደርስም ሁለቱን ካልፈታ፤ ውል መባሉ በስም ብቻ ነው።